አስራ ሰባት፣ ሁለተኛው

አስራ አንድ አይጦች ሞቱ፤ የምርምር ጽሑፉ ግን አንድም አልሞተም ይላል። መሞታቸውን ቀን በቀን የመዘገበችው ሴት ደግሞ ጥፋቱ የአንቺ ነው ተብላ ከምትወደው ሥራዋ ተነሣች። የተፈጸመው በደል ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዝርዝሩ ነው።

እትዬ ቀስታ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው፤ ወደ እንስሳቱ ክፍል ገብቶ በር የሚያላትም፣ ሳጥን በጥድፊያ የሚጎትት፣ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው ሁሉ ከወዲያኛው ጥግ «በቀስታ!» የሚል ድምፅ ይደርሰዋልና። አባቷ ያወጣላትን ስም የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሲፈልጋት «እትዬ ቀስታን ጥሩልኝ» ነው የሚለው።

ክፍሉ መስኮት የለውም። መብራቱ በሰዓት ቆጣሪ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል፤ አየር ማስወጫው ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፤ በአራት ረድፍ መደርደሪያ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሳጥኑ ሰጋቱራ፣ በየክዳኑ ላይ የተዘቀዘቀ የውሃ ጠርሙስ አለ። እትዬ ቀስታ እዚህ ክፍል ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የሥራ ዝርዝሯ «መመገብ፣ ማጽዳት፣ መከታተል» ይላል። ዝርዝሩ የማይለው ብዙ ነው። ከማደንዘዣ የሚነቃ እንስሳ ገላው እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለችና፣ ከማሞቂያው ጨርቅ በፊት በመዳፏ ታቅፈዋለች፤ ልቡ በጣቶቿ መሀል ፈጥኖ ሲመታ ካልተሰማት አታስቀምጠውም። መቆርጠም ያቃተውን ምግቡን በውሃ አርሳ፣ አልቅጣ፣ በትንሽ ማንኪያ ጫፍ ታቀርብለታለች። አልበላም ካለ ታባብለዋለች። ተማሪዎቹ ይስቁባታል፤ የራሳቸው እንስሳ አልበላ ሲል ግን የሚጠሩት እሷን ነው።

ጥናቱ እንዲህ ነበር። ሰው አንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስስበት ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ፣ ያንኑ በአይጥ አንጎል ውስጥ በትንሹ መፍጠር ነው። እንስሳው በማደንዘዣ ይተኛል፤ የራስ ቅሉ ላይ ዓይን የማትሞላ ቀዳዳ ትበሳለች፤ በቀጭን መርፌ የደም ሥርን ግድግዳ የሚበላ ኢንዛይም በጠብታ ይገባል። በዚያው ቀን በኤምአርአይ መሣሪያ የአንጎሉ ምስል ይነሣል፤ ደም የፈሰሰበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ከሁለት ጠርሙሶች ከአንዱ ይወጋል። አንደኛው ጠርሙስ አዲሱ መድኃኒት፣ ሌላው ተራ የጨው ውሃ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሥራው እስኪያልቅ ማንም እንዳያውቅ «ሀ» እና «ለ» ብቻ ተጽፎባቸዋል። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ምስል ይነሣል። ጥቁሩ ሰፋ ወይስ ባለበት ቆመ? ጥያቄው ሁሉ ይህ ነው።

ምስሉን የሚያነሣው ወጣት «ማግኔቱ» ይባላል፤ መሣሪያው ብረት የሚስብ ኃይለኛ ማግኔት ነውና፣ ወደ ክፍሉ የሚገባን ሰው ኪስ ሳይፈትሽ አያሳልፍም።

«እትዬ፣ ኪስዎ ውስጥ ብረት አለ?»

«የለም።»

«ሰዓት? ቁልፍ?»

«የዛገ ነገር ካልከኝ ጉልበቴ አለ። አውልቄ እዚህ በሩ ላይ ላስቀምጠው?»

«ጉልበትዎን ማሽኑ አይፈልገውም። ይግቡ።»

«እንግዲያው ምን አድርቅ አደረገህ?»

«ባለፈው ወር የጽዳት ሠራተኛው ባልዲ በአየር ላይ ሲበር አላዩም። ቢያዩ ኖሮ እንዲህ አይቀልዱብኝም።»

የመጀመሪያው ምስል በኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ግን ቀልዱ ከአፏ ጠፋ። ግራጫ፣ ክብ፣ የለውዝ ፍሬ የመሰለ አንጎል፤ በግራው በኩል አንድ ጥቁር ጠብታ።

«ይኼን አውቀዋለሁ» አለች።

«የቱን?»

«ጥቁሩን። የኔ ሰውዬም ያለበት እዚሁ ጋ ነው።»

«የሰውና የአይጥ አንጎል እኮ በጣም ይለያያል፣ እትዬ።»

«ይለያይ። ጥቁሩ ግን ያው ነው።»

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ ግማሹ ሳይነካ፣ መቀሱ ከእጁ ወደቀ፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ ወደቀ። ሆስፒታል ያደረሰው ያው ደንበኛ ነው፤ «የጀመረውን ሌላ ሰው አይጨርስብኝም» ብሎም ሳምንት ሙሉ ግማሽ ራሱን እንዳጎፈረ ዞረ። የፈሰሰው ደም የባሏን ቀኝ እጅና ንግግሩን ወሰደ። ከቃላት ሁሉ የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ «ቆይ»። ሲርበው «ቆይ»፣ ሲከፋው «ቆይ»፣ ዜና አንባቢው የማይጥመው ነገር ሲናገር «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» እትዬ ቀስታ ሁሉንም ትለያቸዋለች። እሁድ ጠዋት፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥማ ጢሙን ትላጨዋለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ቆይ።»

«ጆሮህ ሥር ቀረ?»

በግራ እጁ አንጓዋን ይዞ የምላጩን አቅጣጫ ያቃናላታል። «ቆይ» ይላል፣ ተማሪው እንዳልገባው መምህር።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ጢም ስትላጭ ኖረህ ለኔ አንድ ቀን እንኳ ሳታስተምረኝ፣ አሁን ምላጭ አያያዝሽ አላማረኝም ትላለህ!»

እሱ ይስቃል። ሳቁ አልተነካም፤ ደሙ ሳቁ ያለበት ቦታ አልደረሰም።

ከእሱ የተማረችውን ወደ ሥራዋ ወሰደችው። ምግብ በደከመው ጉንጭ በኩል ተጠራቅሞ እንደሚቀር ያየችው በባሏ ነው፤ ስለዚህ ደም የፈሰሰባቸውን አይጦች በደህናው በኩል ማጉረስ ጀመረች፤ የውሃ ጠርሙሳቸውን ወደ ግራ አዞረች። ይህን እንድታደርግ ማንም አላዘዛትም፤ በምርምር ጽሑፉ ላይም አልተጠቀሰም።

ሐኪሙ ደሙ ዳግመኛ ሊፈስስ ይችላል፣ ያኔ መትረፉ ያጠራጥራል ብሏታል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ መድኃኒቱ እንዲሠራ ከማንም አብልጣ የምትመኘው እሷ ነበረች። ይህ መዘንጋት የለበትም።

ጥናቱን የምትመራው ፕሮፌሰሯ ናት። ባሏ የወደቀ ዕለት ሆስፒታል ደውላ አልጋ ያስገኘችለት፣ ምስሉን ራሷ አይታ «ይተርፋል፣ አይዞሽ» ያለቻት እሷ ነበረች። እትዬ ቀስታ በስምንት ዓመት ትበልጣታለች፤ ፕሮፌሰሯ «አንቺ» ትላታለች፣ እሷ ደግሞ «እርስዎ» ትላለች። ሁለቱም ይህን ልብ ብለውት አያውቁም ነበር።

የአይጦቹ መለያ ጅራታቸው ላይ በማርከር የሚጻፍ ቁጥር ነው። ቀለሙ ይለቃል፤ እነሱም ይልሱታል፤ ስለዚህ በየሦስት ቀኑ እንደገና ይደመቃል። ይህንንም የምትሠራው እትዬ ቀስታ ናት። ቁጥሮቹ አርባ ነበሩ፤ ሃያው ለ«ሀ»፣ ሃያው ለ«ለ»።

በሁለተኛው ሳምንት ቁጥር አስራ ሰባት፣ ከ«ሀ» ጠርሙስ በተወጋ ማግስት፣ ሞቶ ተገኘ። እትዬ ቀስታ ወደ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ሄደች።

«አስራ ሰባት አረፈ።»

ፕሮፌሰሯ ከኮምፒውተሯ ቀና አላለችም። «ሁለተኛ ምስል ተነሥቶለታል?»

«የለም። ቀኑ ነገ ነበር።»

«እንግዲያው አይሆነንም። ጥንድ ምስል የሌለውን መለካት አንችልም። ሌላ እንስሳ አዘጋጂና ቁጥሩን ስጪው። ቁጥር እንዳይጎድልብኝ።»

«አስራ ሰባትን?»

«አስራ ሰባትን። ስለ ወረቀቱ አንቺ አታስቢ፣ የኔ እናት። እሱን እኔ እይዘዋለሁ።»

አመነቻት። የሞተው በሌላ መዝገብ እንደሚጻፍ፣ አዲሱ ተተኪ መሆኑ በአንድ ቦታ እንደሚቀመጥ አልተጠራጠረችም። በአዲሱ አይጥ ጅራት ላይ አስራ ሰባት ብላ ጻፈች። በራሷ ባለ መስመር ደብተር ላይ ግን፣ ለዓመታት እንዳደረገችው፣ እንዲህ አሰፈረች፦ «አስራ ሰባት። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ወደ ግራ ይዞር ነበር። ትናንት ምግብ አልተቀበለኝም።» ከሥሩም፦ «አስራ ሰባት፣ ሁለተኛው።»

ሁለተኛውም አስራ ሰባት ሞተ። ሦስተኛው ኖረ። የኖረው አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰው ደም ትንሽ ስለነበረ ነው።

በአራት ወር ውስጥ አስራ አንድ ሞቱ። ዘጠኙ ከ«ሀ»፣ ሁለቱ ከ«ለ»። እትዬ ቀስታ ይህን ስታይ የደረሰችበት ሐሳብ ማንም ቀና ሰው የሚደርስበት ነው፤ የሚሞቱት የጨው ውሃ የተወጉት፣ የሚኖሩት መድኃኒት ያገኙት መሆን አለባቸው። ከ«ለ» ጠርሙስ የተወጋ እንስሳ በመዳፏ ሲሞቅ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ቤት ገብታም ለባሏ ነገረችው።

«መድኃኒቱ ‹ለ› ነው። በቃ፣ ተገኝቷል።»

«ቆይ።»

«ምን ቆይ አለው? በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርህ። እኔ እያለሁ ሁለተኛ አትወድቅም።»

ጥናቱ ያለቀ ዕለት በስብሰባ አዳራሹ ኬክ ተቆረጠ። ፕሮፌሰሯ የታሸገውን ፖስታ በሁሉም ፊት ቀደደች፤ «‹ሀ› መድኃኒቱ ነው» ብላ አነበበች። አጨበጨቡ። ግድግዳው ላይ ሁለት ምስሎች ታዩ፤ በጨው ውሃው በኩል ጥቁሩ ሰፍቷል፤ በመድኃኒቱ በኩል ባለበት ቆሟል።

ማግኔቱ ክንዷን ነካ አደረጋት። «እትዬ! ሠራ እኮ!»

«‹ሀ› ነው ያለችው?»

«አዎ፣ ‹ሀ›።»

«አንተ፣ የሚሞቱት እኮ የ‹ሀ› ናቸው።»

የጎረሰውን ኬክ ማላመጥ አቆመ።

ነገሩ ሊቅ አይፈልግም። ጥቁሩ የሰፋባቸው እንስሳት ሁለተኛው ምስል ሳይደርስ ሞቱ። ቦታቸው ጥቁሩ ያልሰፋበት እስኪገኝ ድረስ በሌላ ተተካ። ከዚያ በሕይወት የተገኙት ብቻ ተለኩና ጥቁሩ አልሰፋም ተባለ። እንስሳ መተካት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የሞተው ተጽፎ፣ የተተካው ተነግሮ ቢሆን። ጽሑፉ ግን በሦስተኛ ገጹ «ከአርባው እንስሳት አንድም አልጎደለም» ይላል። እንስሳቱ አርባ አልነበሩም። ሃምሳ አንድ ነበሩ።

እትዬ ቀስታ ሦስት ቀን ዝም አለች። ውለታው ከበዳት፤ ተስፋው ደግሞ ከውለታው ይበልጥ ከበዳት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ባሏን ስታጎርሰው፣ በደከመው ጉንጩ የቀረውን በጣቷ ስትጠርግለት፣ ይህ መርፌ አንድ ቀን ለእሱ እንደሚመጣ አሰበች። ደብተሯን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች።

«የዋሉልኝን አልረሳሁም» አለቻት ፕሮፌሰሯን።

«ምን ዋልኩልሽ፤ ተይው።»

«የሞቱትን ግን ይጻፉልኝ። አስራ አንድ ናቸው። ዘጠኙ የ‹ሀ› ናቸው።»

ፕሮፌሰሯ ደብተሩን በዝግታ ገለጠች። «እንዴት ያለ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ አለሽ» አለች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። «እንስሳ ይሞታል። አንቺ ስለምትወጃቸው ነው የከበደሽ።»

«ስለምወዳቸው አይደለም የቆጠርኳቸው። ስለሞቱ ነው።»

«ይኼ መድኃኒት እኮ ለባልሽም የሚሆን ነው።»

«የፈራሁትም እሱን ነው።»

ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈች። ማግኔቱ ሰምቶ ምሳ ሰዓት ላይ እንስሳቱ ክፍል ድረስ መጣ።

«የሞቱት የመጀመሪያ ቀን ምስላቸው ማሽኑ ውስጥ አለ፣ እትዬ። አስራ አንዱም፣ ጥንድ የሌላቸው። ቀናቸው፣ ሰዓታቸው ሳይቀር አለ።»

«ትናገርልኛለህ?»

«እናገራለሁ።»

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩ። የተቀመጠው አርባ ደቂቃ ነው።

«ቁጥሩን እንስሳቱ ጅራት ላይ የጻፈው ማን ነው?» አሏት።

«እኔ ነኝ።»

«ለሁለት እንስሳት አንድ ቁጥር ጽፈዋል?»

«ጽፌያለሁ። ታዝዤ ነው።»

«ትዕዛዙ በጽሑፍ አለ?»

«በቃል ነው የታዘዝኩት።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ያለው የእርስዎ ቁጥር ብቻ ነው።»

ማግኔቱ ተጠራ። ጥንድ የሌላቸው ምስሎች መኖራቸውን ያስታውስ እንደሆነ ተጠየቀ። የመመረቂያ ጽሑፉ ሊጠናቀቅ ስድስት ወር ቀርቶታል፤ የምትፈርምለት ፕሮፌሰሯ ናት። ጫማውን አየ። «ማስታወስ አልችልም» አለ። ምስሎቹ በዚያው ሳምንት «የተበላሹ» ወደሚል ማኅደር ተዛውረዋል። የተበላሹ አልነበሩም።

ውሳኔው ባለ አንድ ገጽ ነው፦ «የእንስሳት ተንከባካቢዋ በቁጥር አጻጻፍ ረገድ ስህተት ፈጽማለች። ስህተቱ በጥናቱ ውጤት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።» አንድ ቁጥር ለሁለት እንስሳት ከተሰጠ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች እንዴት አብረው ሊቆሙ እንደቻሉ የጠየቀ የለም። እትዬ ቀስታ ምድር ቤት ወደሚገኘው የመስታወት ዕቃ ማጠቢያ ተዛወረች። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ እንስሳቱ ክፍል የሚያስገባትን ካርድ አስረከበች።

ማግኔቱን ኮሪደር ላይ አገኘችው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ… እኔ…»

«ምሳ በልተሃል?»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት…»

«ምሳህን በልተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አልበላሁም።»

«ሂድና ብላ። ከስተሃል።» ኮሌታውን አቃናችለት። «በኔ ቦታ በምትመጣዋ ሴትዮም እንዳትቸኩልባት። እንስሳቱ ከማሽኑ ሲወጡ በረዶ ነው የሚሆኑት፤ እስክትታቀፋቸው ጠብቃት።»

እሷ ይቅር ብላዋለች። ምስሎቹ ግን በእሱ እጅ ነበሩ፤ ይህም መመዝገብ አለበት።

ከአንድ ዓመት በኋላ ባሏን ለወትሮው ክትትል ወደ ክሊኒኩ ወሰደችው። በስተግራው ተቀምጣለች፤ በቀኙ የተቀመጠን ሰው አያይምና። ነርሷ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች።

«አዲስ መድኃኒት ነው፣ እማ። ደሙ እንደገና ከፈሰሰ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው መሰጠት ያለበት። ያኔ ጥድፊያ ስለሚሆን አሁኑኑ ይፈርሙልን።»

እትዬ ቀስታ መነጽሯን አደረገች። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «በእንስሳት ላይ በተደረገው ጥናት ሞት አልታየም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አልፈርምም።»

«ለምን፣ እማ?»

ነገረቻት። ቁጥሩን፣ ጠርሙሱን፣ ዘጠኙን። ነርሷ የሚያባብሉትን ሰው እንደሚሰሙ አድርጋ፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «እሺ፣ እማ፤ ግዴታ አይደለም» አለችና ቅጹን መልሳ ማኅደሩ ውስጥ ከተተች። ያዳመጠችውን የትም አልጻፈችም።

አጠገባቸው አንድ ጎልማሳ እናቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። የእናቲቱ ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ እሱ በሁለት መዳፉ ይዞ ያሞቀዋል። ቅጹ ጉልበቱ ላይ ነው።

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይደለሁም፣ ልጄ። አይጦቹን የምንከባከብ ነበርኩ።»

ሰውዬው በትሕትና ፈገግ አለ። እናቱን አያት። ብዕሩን ከነርሷ ተቀብሎ ፈረመ።

እትዬ ቀስታ ተነሣች። ለእናቲቱ ከትከሻዋ የተንሸራተተውን ሹራብ መልሳ አለበሰቻት፤ ከዚያ ባሏን በግራ ብብቱ ደግፋ አስነሣችው፣ ከደረጃው በቀስታ አወረደችው።

ጽሑፉ ዛሬም በታተመበት መልኩ ይነበባል። ሦስተኛው ገጽ አልታረመም። አስራ አንዱ ምስሎች ከማኅደራቸው አልወጡም። የኮሚቴው ውሳኔ አልተሻረም፤ እትዬ ቀስታ አሁንም ምድር ቤት ናት። ክሊኒኩ ሕሙማንን መመዝገቡን ቀጥሏል።